የሮማነወርቅ አውራ ጣት

ሮማነወርቅ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፎቶ ያነሳችው ተቀምጦ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። ጅጅጋ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቷ ገብቶ በርጩማው ላይ ያልተቀመጠ የከተማው ሰው ጥቂት ነው። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ። «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ እንዳትተነፍስ!» ትላለች፤ ባለጉዳዩ ትንፋሹን ይውጣል፤ ጠቅ፤ አለቀ። ትእዛዟን በአማርኛም በሶማሊኛም እኩል ታውቀዋለች። አባቷ ወታደር ሆነው መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡም ከተማዋን ወደው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷም ተወልዳ ያደገችው፣ አግብታ የወለደችው፣ እዚያው ጅጅጋ ነው።

በ2016 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ሁለት ሱቅ አልፎ ጨርቅ የምትነግደው ኒምኮ ሰተት ብላ ገባችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ጉርድ ነው?» አለቻት ሮማነወርቅ መብራቱን ልታበራ እጇን እየሰደደች።

«ጉርድ አይደለም። ነጅማ ልታገባ ነው።»

ነጅማ የኒምኮ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ሮማነወርቅ እልል ብላ አቀፈቻት። ሙሽራው ዲሪዬ እንደሚባል፣ ቶጎጫሌ ድንበሩ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንደሚነግድ፣ ጥንዶቹም እዚያው እንደሚኖሩ ኒምኮ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ከዚያ የመጣችበትን አወጣች።

«ሻሽ ሳሩን አንቺ ታነሺልኛለሽ።»

ሻሽ ሳር ማለት ከሠርጉ በሰባተኛው ቀን ሴቶች ብቻ ተሰብስበው፣ እየገጠሙና እየጨፈሩ ለሙሽራይቱ የባለትዳር ሻሽ የሚያስሩበት ቀን ነው። ወንድ ደጃፉ ላይ አይደርስም። ስልክ እንኳ በር ላይ ይሰበሰባል፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ጠጉራቸውን ለቀው ነውና የሚጨፍሩት፣ ማንም ማንንም በስልኩ ይዞ እንዳይወጣ።

«ኒምኮ፣ እኔ ጉርድ ፎቶ ነው የማነሳው።»

«ካሜራ አለሽ፣ ሴት ነሽ። ሌላ ምን ቀረ?»

«የሚጨፍር ሰው አንስቼ አላውቅም እኮ!»

«ሦስት ሳምንት አለሽ። ተማሪያ!» አለችና ሻይዋን እንኳ ሳትጠጣ ወጣች።

ሮማነወርቅ እምቢ ማለት አልሆነላትም። ሮማነወርቅ ለቅሶ በተቀመጠች ጊዜ ኒምኮ አሥራ ሁለት ቀን ምግብ ያመላለሰችላት ጎረቤት ናት። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ ለማንም አልተናገረችውም እንጂ፣ ከኒምኮ አፍ ጥያቄው ሲወጣ ልቧ ደንገጥ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

በነጋታው እሁድ ነበርና ካሜራዋን አንጠልጥላ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። የእህቷ ልጆች ግቢው ውስጥ ገመድ ሲዘሉ ስልሳ ፎቶ አነሳች። ቤት ገብታ በኮምፒውተሩ ከፍታ ስታይ ሳቋም እንባዋም መጣ። ከልጆቹ ጀርባ የተሰጣው አንሶላ፣ ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ብሏል። ልጆቹ ጭጋግ ናቸው። ከስልሳው ውስጥ ለሰው የሚታየው አራት ብቻ ነበር፤ ከአራቱም አንዱ የድመቷ ነው።

ሳምንቱን በዚሁ ነገር ስትብሰለሰል ሰነበተች። ሐሙስ ዕለት ማሃድ ለጉርድ ፎቶ መጣ። ማሃድ በየከተማው እየዞረ እግር ኳስ የሚያነሳ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው፤ የሌላውን ፎቶ እያነሳ የራሱን ለማስነሳት ግን ከሮማነወርቅ በቀር ማንንም አያምንም። «ኤዶ ሮማን» ይላታል፤ አክስቴ እንደ ማለት። አንስታው ስታበቃ የእህቷን ልጆች ፎቶ አሳየችውና እንዲስቅ ጠበቀችው። አልሳቀም።

«ካሜራሽን ስጪኝ» አላት።

ከሦስት ዓመት በፊት የቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ ከሄደ ሰው የገዛችው ካሜራ ነው። ማሃድ አገላብጦ አየውና ጀርባው ላይ፣ በስተቀኝ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል ያለችውን ትንሽ ክብ ቁልፍ አሳያት።

«ይቺን ነክተሻት ታውቂያለሽ?»

«አቧራ ስጠርግ።»

አሁን ሳቀ። «ስሚኝ ኤዶ። ይህ ከላይ ያለው የማንሻ ቁልፍ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ግማሽ ስትጫኚው ፎከስ ይፈልጋል፣ ማን ጥርት ብሎ እንደሚወጣ ይመርጣል፤ ሙሉ ስትጫኚው ያነሳል። በርጩማ ላይ ለተቀመጠ ሰው ችግር የለውም። ሰውየው ከተንቀሳቀሰ ግን፣ ላንሳ ብለሽ በተጫንሽ ቁጥር እንደ አዲስ ፍለጋ ይጀምራል። በመሃል ሌላ ሰው ካለፈ ያላፊውን ይይዛል። ሁሉንም ካጣ አንሶላውን ይይዛል።»

«አንሶላውንማ አሳምሮ ይይዛል።»

«ሥራውን እናካፍለዋለን። አመልካች ጣትሽ ማንሳት ብቻ፤ አውራ ጣትሽ ፎከስ ብቻ።»

ሜኑውን ከፍቶ ከገጽ ወደ ገጽ እየዘለለ፣ የቁልፎቹ ሥራ የሚደለደልበት ቦታ ላይ ደረሰ። ከላይኛው ቁልፍ ላይ ፎከሱን አነሳበት፤ ብርሃን መለካቱንና ማንሳቱን ተወለት። ፎከሱን ለጀርባዋ ቁልፍ ሰጣት። ቀጥሎ ፎከሱ አንዴ ይዞ የሚቆም መሆኑ ቀርቶ፣ የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚሄድ እንዲሆን አስተካከለው። ሁሉም ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

«አሁን የምትፈልጊውን ሰው መሃል ላይ አድርጊና በአውራ ጣትሽ ተጫኚ። እስከተጫንሽ ድረስ ይከተልልሻል። ሰው መሃል ሊገባ ነው ካልሽ አውራ ጣትሽን አንሺ፤ የያዘውን ርቀት እንደያዘ ይቆያል። ከዚያ በላይኛው ደስ ባለሽ ጊዜ አንሺ፤ ፎከሱን አይነካውም።»

ሮማነወርቅ በሩ ላይ ወጥታ ሞከረችው። አንዲት የግመል ወተት ሻጭ ጀሪካኗን አንጠልጥላ፣ ከጓደኛዋ ጋር እየተሳሳቀች በማዶ ትሄዳለች። ሮማነወርቅ በአውራ ጣቷ ተጫነች። ሴትየዋ ስትሄድ ምስሉም ጥርት እንዳለ አብሮ ሄደ። አንድ ባጃጅ እየጮኸ በመሃላቸው ሊያልፍ ሲል አውራ ጣቷን አነሳች፤ ባጃጁ አለፈ፤ ፎቶውን አነሳች። በካሜራው ጀርባ ያለው መስታወት ላይ ስታየው የሴትየዋ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ማሃድ!» አለች መስታወቱን ወደ እሱ እያዞረች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ ጣት ግን በአንድ ቀን አይሰለጥንም። በማግሥቱ በማለዳ የመጡትን ባለጉዳዮች ሁሉ በድሮ ልማዷ በአመልካች ጣቷ ብቻ አነሳቻቸው፤ ሥራ በዝቶባት ስለነበር ሳታይ አትማ ሰጠቻቸው። ከሰዓት በኋላ ከእነሱ አንዱ፣ ዐቦኮር፣ ተመልሶ መጣ። ዐቦኮር መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ የሆነ፣ ሲሄድ ወለሉ የሚሰማው ወፍራም ሰው ነው። አራቱን ጉርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«ሮማን፣ ይህ እኔ ነኝ ወይስ ነፍሴ?»

አየችው። ፊቱ ውሃ ውስጥ እንደገባ ወረቀት ሆኗል። ከዐቦኮር ኋላ ሌሎች ሦስት ሰዎች ጉርዳቸውን ይዘው ቆመዋል። ይቅርታ ጠይቃ፣ ሁሉንም በነጻ ደግማ አነሳቻቸው፤ ዐቦኮርም ሲወጣ «ነፍሴ ቀጠን ያለች መሆኗን ግን ዛሬ አወቅሁ» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀው። ሮማነወርቅ ግን አልሳቀችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ካሜራውን ወደ ድሮው ልትመልስ ሜኑውን ከፈተች። ግማሽ ሰዓት ዳከረች። መግቢያውን አጣችው። ለማሃድ ደወለች፤ ሐርተሼክ ከተማ ጨዋታ ላይ ነበርና ከጀርባው የሰው ጩኸት ይሰማል።

«መልስልኝ፣ ልጄ። ደንበኞቼን አጣሁ።»

«አልመልስም!» አለ በጩኸት። «ጉርድ ነገም ይደገማል፣ ኤዶ! የምትጨፍር ሴት ግን ነገ አትደገምም። ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺው። ጎል! ጎል ነው፣ ልዝጋው!»

ዘጋባት። ሮማነወርቅ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ኒምኮ ቤት ሄደች። እዚያ ሙሽራይቱ ነጅማ እጅና እግሯን ሂና እየተቀባች ነበር። ሮማነወርቅ ቀኝ እጇን ለሂና ቀቢዋ ዘረጋችላት።

«እኔንም። አውራ ጣቴን ብቻ።»

«ጣት አንድ ብቻ ይቀባል እንዴ?» አለች ቀቢዋ።

«ይህ ጣት ሥራውን ስለሚረሳ ነው። ቀለም ካልቀቡት አይቀሰቀስም።»

ነጅማ እንዳትንቀሳቀስ የተነገራትን ረስታ በሳቅ ተንፈራገጠች፤ የግራ እጇ ሐረግ ተበላሽቶ እንደገና ተሠራ። ሮማነወርቅ ግን ጣቷ ቀልቶ ቤቷ ገባች። ካሜራውን ባነሳች ቁጥር ዐይኗ መጀመሪያ ቀዩ ጣት ላይ ያርፋል። ሥራ ሲቀዘቅዝ በሩ ላይ ቆማ ባጃጆችን፣ ፍየሎችን፣ የምትሮጥ ተማሪን በካሜራዋ ትከተላለች። የሰፈሩ ሰው «ሮማን ለደኅንነት መሥራት ጀመረች» ብሎ ቀለደባት። አልሰማቻቸውም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጣቷ ራሱ ማሰብ ጀመረ።

የሻሽ ሳሩ ቀን ከኒምኮና ከዘመዶቿ ጋር በሚኒባስ ቶጎጫሌ ገቡ። መንገዱ በጭነት መኪና ተጨናንቆ ነበር። የዲሪዬ እናት ግቢ ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ፣ ከላይ ድንኳን የተጣለበት። ሴቶቹ በር ላይ ስልካቸውን እያስረከቡ ይገባሉ፤ ገብተው ጥቁሩን መደረቢያ ሲያወልቁ ከሥሩ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ስስ ቀሚስ ይፈነዳል። ከበሮዋን ከጉልበቷ መሃል የያዘች ሴት መምታት ጀምራለች። ከአንድ መቶ ሃምሳ ሴት መካከል ካሜራ የያዘችው ሮማነወርቅ ብቻ ናት።

«ሙሽራዋ መጣች!» ተባለ።

ነጅማ ከቤቱ በር ስትወጣ እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ሮማነወርቅ ተጋፍታ ፊት ቆመችና አነሳች፣ አነሳች፣ አነሳች። ሙሽራይቱ አልፋ ከተቀመጠች በኋላ መስታወቱን አየች። ጭጋግ። ሁለተኛውም ጭጋግ። ሦስተኛውም። በድንጋጤ ሁሉን ነገር ረስታ በድሮው ጣቷ ብቻ ነበር ያነሳችው።

ድሮ ቢሆን ዝም ትል ነበር። ሰው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስህተት ስትሠራ «ዐይንህን ጨፈንክ» ብላ ደንበኛው ላይ ታላክክ ነበር፤ ለራሷም አይጠፋትም። ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ድፍረት መጣባትና በሶማሊኛ ጮክ ብላ ተናገረች።

«እህቶቼ፣ አጠፋሁ! ሙሽራዋን አላገኘኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከበሮው ቆመ። ኒምኮ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ከዚያ ከጥግ አንዲት ድምፀ ወፍራም ሴት፣ «ታዲያ ምን ችግር አለው? ተመልሳ ትግባ!» አለች። ሳቁ ተነሣ። ነጅማን አንስተው፣ ቀሚሷን ሰብስበው፣ እየገፉ ወደ ቤት መለሷት። በሩ ተዘጋ። «ሙሽራዋ መጣች!» ተባለ እንደገና፤ እልልታው ከመጀመሪያው ይልቅ ደመቀ፤ ነጅማም በመጀመሪያው አወጣጧ አፍራ አቀርቅራ ነበር፣ አሁን ግን ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች ወጣች። ሮማነወርቅ በቀዩ ጣት ተጫነች። ሙሽራይቱ ወደ እሷ ስትመጣ፣ ስትቀርብ፣ ስትደርስ፣ ምስሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልሸሸም።

ከዚያ በኋላ ጊዜው እንዴት እንዳለፈ አታውቅም። ቡራንቡሩ፣ የሴቶቹ የግጥም ጭፈራ፣ ተጀመረ፤ ገጣሚዋ ካድራ ቆማ ግጥሟን ታወርዳለች፣ ከበሮው ይከተላታል፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ወደ መሃል እየገቡ የትከሻ ጨርቃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው በእግራቸው ጣት ይንሳፈፋሉ። በፊቷ ሰው ያልፋል፣ ጨርቅ ያልፋል፣ ሕፃን ያልፋል። አውራ ጣቷን ታነሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ታነሳለች። አንዴ ምቱ ከገባት ወዲያ ከበሮው ራሱ መቼ እንደምታነሳ ይነግራት ጀመር።

ማንም ያልጠበቀው ነገር የሆነው ያኔ ነው። የኒምኮ እናት አዬዮ ኤብላ፣ አዬዮ አያት እንደ ማለት ነው፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ከሐርተሼክ በትራስ ተደግፈው በመኪና የመጡ አሮጊት፣ ምርኩዛቸውን ጎረቤታቸው ላይ ጣሉና ተነሡ። ጉልበታቸው ከታመመ ስድስት ዓመቱ ነው። ኒምኮ ልትይዛቸው ሮጠች፤ በእጃቸው ገፏት። መሃል ገቡ። ካድራ ግጥሟን አቀዘቀዘችላቸው፤ ከበሮውም ለስለስ አለ። አዬዮ ኤብላ ጨርቃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አገጫቸውን ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ዞሩ። ሁለተኛ ዞሩ። ሴቶቹ እየጮኹ ከበቧቸው፤ በሮማነወርቅና በአሮጊቷ መሃል የክንድና የጨርቅ ጫካ በቀለ። እሷ ግን ቀድማ ይዛቸው ነበር። ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል፣ አውራ ጣቷን ከቁልፉ አንስታ ቆመች። ጫካው ለቅጽበት ተከፈተ። አነሳች። ተዘጋ። ደግሞ ተከፈተ። አነሳች። አሮጊቷ በሦስተኛው ዙር ላይ በሳቅ ኒምኮ ላይ ወደቁና አበቃ።

ሲያርፉ ሮማነወርቅ አጠገባቸው ተንበርክካ መስታወቱን አሳየቻቸው። በክንዶች መሃል የአዬዮ ኤብላ ፊት ብቻ ጥርት ብሏል፤ ዐይናቸው ተከድኖ፣ አንዲቷ የቀረቻቸው ጥርስ እየሳቀች። አሮጊቷ ከፎቶው ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ አይደለሽም ለመታወቂያ ያነሳሽኝ?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ አዬዮ።»

«አትተንፍሺ አልሽኝ፣ አልተነፈስኩም። ሬሳ መስዬ ወጣሁ። በዚያ መታወቂያ ዐሥር ዓመት ሄድኩ።» ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። «ይቺ ትተነፍሳለች።»

ካድራ ሰምታ ነበርና ወዲያው በግጥም አነሳቻት፤

«እንግዳችን ሮማን፣ በአንድ ዐይን የምታይ፣
ጣቷን እንደ ሙሽራ ያቀላች በሂና፣
ካሜራሽን አስቀምጪው፣ ክንፍሽን እንይ፣
አትተንፍሱ ያልሽን፣ ዛሬ ተንፍሺና!»

ሴቶቹ ጎትተው መሃል አስገቧት። ኒምኮ የራሷን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። የሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሮማነወርቅ፣ በከተማዋ ሠርግ ሁሉ ከጥግ ሆና የምታየውን ጭፈራ፣ ደረቷ እስኪግል ጨፈረች።

አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሮማነወርቅ ኒምኮን ከሙሽራዋ ጋር ትታ የተሳፈረችበት የጅጅጋው ሚኒባስ ኬላ ላይ ቆመ። ከቶጎጫሌ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይፈተሻል። አንዲት ወጣት ፈታሽ የሮማነወርቅን ቦርሳ ከፈተችና ካሜራውን አወጣች።

«እናት፣ ይህ ዛሬ ነው የተገዛው?»

«የራሴ ነው፣ ልጄ። ሦስት ዓመቱ። ጅጅጋ ፎቶ ቤት አለኝ።»

«ማስረጃ አለ?»

«ማስረጃው ውስጡ ያሉት ፎቶዎች ናቸው። ግን…» ሮማነወርቅ ዙሪያዋን አየች፤ ሌላው ፈታሽ ወንድ ነው፣ ተሳፋሪው ግማሹ ወንድ ነው። «የሴቶች ሻሽ ሳር ነው። ለወንድ አላሳይም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

ልጅቷ ወደ መኪናው ጀርባ ወሰደቻት፤ ሮማነወርቅም ኒምኮ የሰጠቻትን ጨርቅ በሁለቱም ራስ ላይ ጣለችው። ከጨርቁ ሥር መስታወቱን አበራችላት። በመጀመሪያ የድሮዎቹን ጉርዶች አሳየቻት፤ ያ ለማስረጃ ይበቃ ነበር። ፈታሿ ግን «ቀጥዪ» አለች።

ሙሽራይቱ እየሳቀች ስትወጣ። ካድራ አፏን ከፍታ። የከበሮዋ ሴት እጅ በአየር ላይ። አዬዮ ኤብላ።

«እነዚህ ማን ናቸው?»

«የሙሽራዋ አያት ናቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ ነው የተነሡት።»

ሌላኛው ፈታሽ ሥራውን ጨርሶ መጣ። «ምን አገኘሽ?»

«ምንም! አትቅረብ!» አለች ልጅቷ ከውስጥ፤ ሰውየውም ግራ ገብቶት ባለበት ቆመ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ከአንድ ጨርቅ ሥር የወጡትን አራት እግሮች ያያል።

በመጨረሻ ሁለቱም ፊታቸው በላብ ርሶ ወጡ። ፈታሿ ካሜራውን በሁለት እጇ ይዛ መለሰችላት። ስሟ ሩቲ መሆኑን፣ እጮኛዋ ድሬዳዋ እንደሚሠራ፣ ጥር ላይ እንደሚጋቡ ነገረቻትና የስልክ ቁጥሯን ተቀበለች። «እኔን ስታነሺ ቁሚ፣ ቀና በይ እንዳትዪኝ» አለች።

«አልልሽም። እንዳሻሽ ሁኚ፤ እከተልሻለሁ።»

መኪናው ተነሥቶ ገና መቶ ሜትር ሳይሄድ፣ አንድ ሰው ከኋላ እየሮጠ መስኮቱን መታ። ሾፌሩ ደንግጦ ቆመ። ሩቲ ናት፤ ኮፍያዋን በእጇ ይዛ ታለከልካለች።

«ቀኑን ሳልነግርሽ! ጥር አሥራ ሦስት!»

«እኛስ አንጠራም?» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ተሳፋሪ። «ይህን ሁሉ ሰዓት ያቆምሽን?»

«ሁላችሁም!» አለች ሩቲ፤ ሚኒባሱ ሙሉ በሳቅ እየተንጫጫ ወደ ጅጅጋ መንገዱን ቀጠለ።